ደቻቱ የሞላ ሌሊት፦ የ11 ጨቅላ ሕፃናት ጉዳይ

አረፋው ዝም አለ። መብራት መጥፋቱን ከማየቴ በፊት የሰማሁት ያንን ዝምታ ነው።

ጨቅላ ክፍል የሠራ ሰው ይገባዋል። መተንፈስ ለሚያቅተው ሕፃን ሲፓፕ እናደርግለታለን። ኦክስጅኑ በአፍንጫው ይገባል። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ፣ ከውሃው በታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነከራል። ሕፃኑ ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር ሳንባው እንዳይጨማደድ ያ ግፊት ደግፎ ይይዘዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ሌሊቱን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እሱ እየጮኸ ካርድ እንሞላለን፣ መድኃኒት እናዘጋጃለን፣ ሻይ እንጠጣለን። ሲቆም ግን ምንም ሥራ ላይ ብንሆን እግራችን ቀድሞን ይነሳል።

ሰዓቱ ከምሽቱ 4፡40 ነበር። ክፍሉ ውስጥ 11 ሕፃናት አሉ። ተረኞቹ እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን። ተረኛው ሐኪም ማዋለጃ ክፍል ሄዷል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

ይህን የምጽፈው እንደ ጉዳይ ጥናት ነው። ምን ገጠመን፣ ምን አደረግን፣ ምን አጠፋን የሚለውን ሳልሸፍን። ቦታው ድሬዳዋ ነው። ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም። የቤተሰቦቹን ማንነት የሚያሳብቅ ነገርም አውጥቼዋለሁ።

የድሬ ውሃ

ድሬን የማያውቅ ሰው ጎርፍ ሲባል ግራ ይገባዋል። ከተማችን ሞቃትና ደረቅ ናት። ደቻቱ ራሱ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ አይመስልም፤ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። ደንገጎና ቀርሳ አካባቢ፣ የሐረርጌ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነው እንዲያ ነው። ሰው በተኛበት ውሃ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤቱን አጣ። ቅዳሜ ማታ "ደህና እደር" የተባባሉ ጎረቤታሞች እሁድ ጠዋት አልተገናኙም። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ ራቅ ይላል፤ ድምፁ ግን ደርሶናል። ድንጋይ እየተንከባለለ ሲመጣ መሬቱ ራሱ ያጉረመርማል። ያንን የሰማ የድሬ ሰው ነሐሴ ላይ ሰማይ ሲጠቁር እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ሕፃናት እናቶችም እንዲሁ። ነጎድጓዱ ሲጀምር አያቶቹ ቀድመው ተነስተው ተቀመጡ።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ከዚራ ወዲህ፣ መጋላ ወዲያ። ውሃው ሲሞላ መሻገር የሚደፍር የለም፤ ባጃጁም ይቆማል። የሌሊት ተረኛ እዚህ ይቀራል፣ የጠዋት ተረኛ እዚያ። አንዳንዴም ልጅ እዚህ፣ እናት እዚያ።

የጄኔሬተሩ 50 ደቂቃ

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ተነሳ። "ተመስገን" አልን። ኦክስጅን ከአየር የሚያጣሩት ማሽኖች፣ ኮንሰንትሬተሮቹ፣ ማንዘር ጀመሩ፣ አረፋውም ተመለሰ። 50 ደቂቃ ሠራ። ከዚያ ተንገጫግጮ ቆመ፤ ዳግም አልተነሳም።

ጄኔሬተሩ ያለበት ቤት ከግቢው ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። የግቢው ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደዚያው ገባ። ደቻቱ እኛ ጋ አልደረሰም። ጨለማ ውስጥ የከተተን የራሳችን ቦይ ነው።

በኋላ ሳነብ ሀብታም አገርም ይህን እንደሚያጠፋ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒውዮርክን ሲመታ ኤንዋይዩ ላንጎን የተባለው ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤቱ በውሃ ተሞላ፤ መጠባበቂያ ኃይሉም ከዳው። 20 ጨቅላ ሕፃናትን ታቅፈው 9 ፎቅ በደረጃ አወረዷቸው። ለሚያስፈልጋቸው ነርሶቹ ደረጃ እየወረዱ በእጃቸው አየር ይነፉላቸው ነበር። ያንን ሳነብ ክንዴ ዛለ። ለአንድ ሕፃን ቆመህ አምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ መንፋት ምን እንደሚያደክም አውቃለሁ። እነሱ በደረጃ ላይ ነው ያደረጉት።

የእኛም ሐኪም እየሮጠ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው "ወደ ሌላ እንላካቸው?" ብሎ ነው። ተነጋገርን። አምቡላንስ አንድ ነው። መንገዱ ተዘግቷል። እንደዚህ ያለ ሕፃን በብርድና በጨለማ ማንቀሳቀስ ራሱ ይገድለዋል። ጣራው አያፈስም፣ ውሃው ወደ ክፍሉ አልገባም። እዚሁ እንቆያለን አልን። ይህ ውሳኔ ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

ስልኬን አብርቼ በጥርሴ ያዝኩና ከአልጋ አልጋ ዞርኩ። እያንዳንዱ ጋ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ይህንን ልጅ አሁን ይዞ ያለው ምንድን ነው?

ሁለቱ ሲፓፕ ላይ ናቸው። አንደኛው በ28 ሳምንት የተወለደ፣ 980 ግራም። ሌላኛው 1500 ግራም፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ትንፋሹ እየቀለለው መጥቷል። ሦስቱ በቀጭን የአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን ያገኛሉ። ሁለቱ ቢጫ ሆነው ፎቶቴራፒ፣ የብርሃን ሕክምና፣ ውስጥ ናቸው፤ ጊዜያቸውን ጨርሰው የተወለዱ፣ በደንብ የሚጠቡ። እነሱን ለእናቶቻቸው ሰጠኋቸው። "አጥቢ፣ ጠዋት ደም እንመረምራለን" ብዬ አለፍኩ። ሁለቱ ኢንፌክሽን አለባቸው፤ መድኃኒታቸው መብራት አይፈልግም። የቀሩት ሁለቱ ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ኪሎ ለመጨመር የተኙ ሴቶች ናቸው። 1600 እና 1350 ግራም። የእነሱ ማሽን ኢንኩቤተሩ፣ የማሞቂያው ሣጥን፣ ብቻ ነው። እሱም ኃይል ከሌለው የመስታወት ሣጥን ነው። ሙቀቱ እያለቀ፣ አየሩም ሳይንቀሳቀስ ይቀራል።

60 ባር

ክፍላችን ውስጥ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበር። አንገቱ ላይ 40 ሊትር የሚል ተቀርጿል። የግፊት መለኪያው 60 ባር ያሳያል። ሁለቱን ስታባዛቸው 2400 ሊትር ይሆናል። ሲፓፕ ላይ ያሉት በደቂቃ 5፣ 5 ሊትር ይወስዳሉ። የአፍንጫ ቱቦ ያላቸው ሦስቱ ግማሽ ግማሽ። ድምሩ በደቂቃ 11 ሊትር ተኩል። 2400 ለ11.5 ሲካፈል 208 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ሰዓቱ ስድስት ሆኗል። ይህንን ስሌት ጓንት ካርቶን ላይ ጻፍኩት። ባልደረባዬ አየችውና ምንም አላለችም።

ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካ፣ በባትሪ የሚሠራ አንድ የጣት ኦክሲሜትር ነበረን። አምስቱንም ለካን። በአፍንጫ ቱቦ ካሉት አንዱ 98፣ አንዷ 99። ኦክስጅን ላይ ላለ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን የምንፈልገው ከ90 እስከ 95 ነው። ከዚያ ሲበዛ ዓይንን ይጎዳል። መብራት ባለበት ቀን ያንን 98 አይተን "ጎበዝ" ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን። ያ ልማድ መጥፎ ነው። ሌሊቱ አስተማረን። ቀነስንላቸው።

ከዚያ ከባዱ መጣ። ሁለቱም ሲፓፕ ላይ እንዲቆዩ ኦክስጅኑ አይበቃም። ሐኪሙ የ1500 ግራሙን ሕፃን ትንፋሽ ቆጠረ። ደረቱ ወደ ውስጥ መግባቱን በባትሪ ብርሃን አየ። "ይሄኛው ይሞክር" አለ። በግማሽ ሊትር የአፍንጫ ቱቦ አደረግነው። አጠገቡ ቆሜ አሥር ደቂቃ አልተነቃነቅሁም። 91 ላይ ረጋ። አሁን ድምሩ ቢበዛ በደቂቃ 7 ሊትር ሆነ። 342 ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ተጨመረልን። ለትንሹ ደግሞ ንጹህ ኦክስጅን ብቻውን ይበዛበታል፤ ከአየር ጋር የሚቀላቅል መሣሪያ አልነበረንም።

ግቢው ውስጥ ሙሉ ሲሊንደሮች አሉ። ከክፍላችን 60 እርምጃ ቢሆን ነው። መጋዘኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ከኃላፊው ጋር ነው። ኃላፊው ማታ ቤቱ ገብቷል፤ ቤቱ መጋላ ነው።

በዚህ ላይ ሰው መውቀስ አልፈልግም። ዕቃ የተረከበ ሰው ቁልፉን ኪሱ ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነዋ። ግን ኦክስጅን እንደ ወረቀትና እንደ ሳሙና የሚቆለፍ ዕቃ መሆን የለበትም። ስልክ ደወልንለት። ድንጋጤው በስልኩ ይሰማል። "ስበሩት አቦ! በኔ ነው፣ ስበሩት!" አለ። ጥበቃው ጋሼ መፈልፈያ ይዞ ሄደ። ጨለማው፣ ጭቃው፣ የሲሊንደሩ ክብደት ተደማምሮ የመጀመሪያው ሲሊንደር ክፍላችን ሲደርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። የድሮው ላይ ገና ብዙ ቀርቶ ነበር። ያ ሁሉ ስሌት ሳያስፈልግ ቀረ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፤ ስሌቱ ባይኖር ጥበቃው ቁልፉን በዚያ ፍጥነት አይሰብርም ነበር። ካርቶኑን አሳየሁት። "እስከ ንጋት አይደርስም" ስለው ሌላ አልጠየቀኝም።

ደረት

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ድሬ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለእኛ ደስ ይላል። ለአንድ ኪሎ ተኩል ሕፃን አደጋ ነው። ጤነኛ ጨቅላ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ሰባት ሰዓት ላይ ስለካ አንዷ 35.8፣ አንዱ 35.6፣ አንዱ 36.0 ነበሩ። እግራቸውን ስነካው እንደ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ሕፃን ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይዛባል። ኦክስጅንም ይበላል፤ እኛ በሊትር የምንቆጥረውን ኦክስጅን።

እናቶቹ የት ነበሩ? ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ደንባችን እናት በየሦስት ሰዓቱ መጥታ አጥብታ ትሄዳለች የሚል ነበር። ማደሪያቸው ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ነው። አንዳንዶቹ ቦታ አጥተው መሬት ላይ ነጠላ አንጥፈው ይተኛሉ። "ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል" እንል ነበር። እኔም ብያለሁ። አራስ እናትን በር ላይ አቁሜ "ሰዓትሽ አልደረሰም" ብያለሁ።

ካንጋሮ እንክብካቤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ነው። ኤድጋር ሬይ እና ሄክቶር ማርቲኔዝ የተባሉ ሐኪሞች ኢንኩቤተር አጥሯቸው ነበር። ሕፃናቱ በአንድ ኢንኩቤተር ተደራርበው ኢንፌክሽን ይጨርሳቸዋል። ሐኪሞቹ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር አሰሩት። ለረጅም ጊዜ ይህ የሚደረገው ለተረጋጋ ሕፃን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት ያንን ቀየረው። በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛንያና በሕንድ የተሠራ ነው። ሕፃኑ ሳይረጋጋ፣ እንደተወለደ ወዲያው ደረት ላይ ሲደረግ ሞት በ25 በመቶ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መከረ። ይህንን ስልጠና ላይ ሰምተነዋል። ግድግዳ ላይም ፖስተር ለጥፈናል። ያደረግነው ግን ያን ሌሊት ነው፤ ሌላ ምንም ስላልነበረን።

ባልደረባዬ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። "እናቶች! ኑ፣ ልጆቻችሁን ያዙ!" መጡ። አንዲቱ ኦፕራሲዮን ከሆነች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ግድግዳ ይዛ መጣች። አልጋውን ወደ ላይ ቀና አድርገን፣ ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት።

አንዱን ላሳያችሁ። ልጁን ዳይፐሩ ብቻ ሲቀር አወለቅነው። ኮፍያ አጣን፤ የአያቱን ሻሽ ቆርጠን ጭንቅላቱን ጠቀለልን። እናቱ የለበሰችው ድሪያ ሰፊ ነው፣ አንገቱ ክፍት ነው። በዚያ በኩል አስገባነው። በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ፣ ሆዱ ከሆዷ ገጥሞ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው። ፊቱ ወደ ጎን፣ አገጩ ትንሽ ቀና፤ አንገቱ ከታጠፈ መተንፈሻው ይዘጋል። ማሰሪያ ስንፈልግ ባሏ ያገለደመውን ሽርጥ ፈቶ ሰጠን። ከውስጥ ቁምጣ ለብሶ ነበር። በሽርጡ ከጆሮው ሥር እስከ ወገቡ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ድሪያውን ከላይ መለስነው።

አያቲቱ ተቆጡ። "ይቺን የምታክል ነፍስ እንዲህ ታስሮ? ይታፈናል! ደሞስ በአራስ ቤቷ ደረቷን ገልጣ፣ ምች ቢመታትስ?" አልተከራከርኩም። ሙቀት መለኪያውን አሳየኋቸው፣ 35.6። "እማማ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አብረን እናየዋለን" አልኳቸው። በባትሪው ብርሃን ሲታይ 36.4 ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሞላ 36.7። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ሌሎቹን እናቶች "አጥብቂው እንጂ!" ማለት ጀመሩ።

አንድ ስህተት የራሴ ነው። የአንዱ ሕፃን እናት እስክትመጣ ብዬ ጓንት ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ አጠገቡ አደረግሁ። ብዙ ቦታ ይደረጋል። ስመለስ ጓንቱ ጭኑን ነክቶት ቆዳው ቀልቷል። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ቆዳቸው እንደ ሲጋራ ወረቀት ስስ ነው። ለእናቱ ነገርኳት፣ ካርዱም ላይ ጻፍኩት። ሦስት ቀን ቆይቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጓንት ሞልቼ አላውቅም።

በጨለማ ሕፃን ከሣጥን አውጥቶ ለሰው ሲሰጥ ሌላም አደጋ አለ። ልጅ ይቀያየራል። የእኛ ሕፃናት ስም የላቸውም፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በፕላስተር የእናታቸው ስም ይጻፋል። ያን ሌሊት ሦስቱ እናቶች ፋጡማ ነበሩ። ስለዚህ ሁለታችን ሳንሆን ማንንም አላስረከብንም። አንዷ ፕላስተሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንዷ ካርድ ቁጥሩን። እናትየዋም ራሷ ትደግመዋለች።

ከማዶ የቀረችው እናት

የ1350 ግራሟ ልጅ እናት አልነበረችም። ቤት የሁለት ዓመት ልጅ አላት። አመሻሽ ላይ እሱን አስተኝታ ልትመለስ፣ ጡቷን አልባ ለሁለት ጊዜ የሚሆን ወተት ትታ ሄደች። ውሃው ከማዶ አስቀራት። ለምን ሄደች የሚል ሰው ይኖራል። አልጋ አልሰጠናትም። እራት አልሰጠናትም። ልጇን የምታየው በሰዓት ነው። እኔ ብሆንም እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ደረት ያስፈልጋል። የጽዳት ሠራተኛችን መወልወያዋን አስቀመጠች። የአራት ልጆች እናት ናት። "ለኔ ስጡኝ" አለች። ታጠበች፣ ደረቷ ላይ አሰርንላት፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ምግቡ። የስድስት ሰዓቱ 25 ሚሊ ሊትር የለም። ቧንቧው ቡናማ ውሃ ያወርዳል። በዚያ ውሃ የዱቄት ወተት በጥብጦ ለአንድ ኪሎ ልጅ መስጠት ከጎርፉ አይተናነስም። ጎርፍን ተከትሎ ሕፃናትን ከሚገድሉት አንዱ ተቅማጥ ነው። ለጊዜው 10 በመቶ ጉሉኮስ ከፈትንላት። ፓምፕ ስለማይሠራ በቡሬት፣ በእጅ ጠብታው በሚስተካከል መስመር። በዚያ ቡሬት 60 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ ቁጥሩ አንድ ነው። ለእሷ 4.5፣ ማለትም በየ13 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ። የስልክ ባትሪ ይዘህ፣ ሰዓት እያየህ፣ ጠብታው እስኪወፍርና እስኪወድቅ መጠበቅ ነው።

ከጎን ያለችው አራስ ወተቷ ሞልቶ ልብሷን አርሶታል። "ከኔ ስጧት" አለች። የእርግዝና ክትትል ካርዷን አወጣን። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራዋ ነጻ ነው። በሕክምና በኩል ችግር የለም። ግን የልጅቷ ቤተሰብ ሙስሊም ነው። በእስልምና ጡት ዝምድና ነው፤ የአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ልጆች አይጋቡም። እኛ ዝም ብለን ብንሰጣት ለአንድ ሕይወት ሙሉ የሚቆይ ዝምድና በጨለማ ፈጸምን ማለት ነው። የቸኮለ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ሊለው ይችላል። እኔ ትንሽ ነው ብዬ አላምንም።

ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። በአራተኛው ሙከራ እናትየዋ አነሳች። ታለቅሳለች። ከኋላዋ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ሲስተር፣ የሷ ልጅ ወንድ ነው ሴት?" አለችኝ።

"ሴት ናት።"

"ስሟን ጻፊልኝ። የእናትየዋንም፣ የቤታቸውንም ሰፈር። ነገ እንድንፈላለግ። ወላሂ ትጥባ፣ እህቷ ናት።"

ጻፍኩላት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ 25 ሚሊ ሊትር በቱቦ ሰጠናት።

ጎረቤት ክፍል

የልጆች ዋርድ ከእኛ ቀጥሎ ነው። እዚያ 14 ልጆች ነበሩ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተኛው ሕፃን በየሁለት ሰዓቱ ኤፍ-75 የሚባለውን የሕክምና ወተት ማግኘት አለበት፤ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ይሞታል። እዚያ ያለው ነርስ የተፈላ ውሃ በፔርሙስ አስቀምጦ ስለነበር ተረፈ። የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፍሪጁን ሳንከፍተው አሳደርነው። የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት ኢንሱሊን አያበላሽም፤ እናቷ ግን እስክናስረዳት ተጨንቃ ነበር።

እግሩ ተሰብሮ የተኛ የስምንት ዓመት ልጅ ጠራኝ። "ሲስተር፣ ደቻቱ እዚህ ይመጣል?"

ልዋሸው አልፈለግሁም። "የኛ ግቢ ከፍ ያለ ነው። ውሃው የገባው ጄኔሬተሩ ቤት ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የጨለመው" አልኩት። አሰበበትና ተኛ። ልጅ የሚፈራው የማያውቀውን ነው።

ንጋት

ትንሹ፣ 980 ግራሙ፣ አልነጋለትም።

አሥር ሰዓት አካባቢ ትንፋሹ ይቆም ጀመር። ስንኮረኩረው ይመለሳል፣ ከዚያ ይረሳል። አምቡ ባግ ያዝን። እኔና ሐኪሙ እየተፈራረቅን ነፋን። እናቱ አጠገቡ ናት። ልቡ እየቀነሰ ሲሄድ ሐኪሙ አየኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ለእናቱ ነገራት። ምንም ሳያሳምር። "ልያዘው?" አለች። ደረቷ ላይ አደረግነው። ከንጋቱ 11፡20 ላይ እዚያው አረፈ። ገላው ሞቃት ነበር።

በ28 ሳምንት የሚወለድ እንዲህ ያለ ሕፃን መብራት ሳይጠፋም ይሞታል። ይህንን ባልደረቦቼ ደጋግመው ነግረውኛል። ግን ጄኔሬተሩ ሲቆምና ሲሊንደሩ ሲቀጠል መሃል አረፋው ዝም ያለባቸው ደቂቃዎች ነበሩ። ሰባት ደቂቃ ነው። ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ። እንዲቀር አልፈልግም።

አሥሩ አደሩ።

ሲነጋ ውሃው ጎድሎ አሸዋና ጭቃ ትቶ ሄደ። የጠዋት ተረኞች ሦስት ሰዓት ላይ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። የሰፈር ሴቶች በፔርሙስ ሆጃ ይዘው መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከእነሱ ኋላ እሷ መጣች፣ የ1350 ግራሟ ልጅ እናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆመች። "ልግባ?" አለችኝ።

ያ ጥያቄ እስካሁን ያመኛል። ሌሊቱን ሙሉ በወንዝ ተለይታ የመጣች እናት ልጇን ለማየት እኔን ፈቃድ ትጠይቃለች። እኛ ነን ያስተማርናት።

የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። እጇ ግን የልጅቷን ጀርባ እንደደገፈ ነው። እናትየዋ እግሯን ታጥባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አልቀሰቀሰቻትም።

ከዚያ ወዲህ

በሳምንቱ ስብሰባ ተቀመጥን። ብዙ ነገር ተወራ፤ የተደረገው ግን ጥቂት ነው። የጄኔሬተሩ መቀመጫ በሲሚንቶ ከፍ ተደረገ። የኦክስጅን መጋዘን ሁለተኛ ቁልፍ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሁለት ሙሉ ሲሊንደር ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ እንዲቆም ተወሰነ። የፈላ ውሃ በፔርሙስ ማሳደር ግዴታ ሆነ። በየአልጋው ጫፍ የእያንዳንዱ እናት ስልክና የሌላ አንድ ዘመድ ስልክ በወረቀት ተለጠፈ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቁጥር በጨለማ አይነበብም።

ለእኔ ግን ትልቁ አራቱ አልጋዎች ናቸው። ሁለት አሮጌ ኢንኩቤተሮችን አውጥተን በቦታቸው ለእናቶች አልጋ አስገባን። አንዳንድ ሰው "ማሽን አውጥታችሁ አልጋ?" ብሎ ተቃወመ። ኢንፌክሽንም ይጨምራል ተባለ። መልሳችን እጅ መታጠብ ነው፤ እናት እጇን ታጥባ የራሷን ልጅ መያዟ አይደለም በሽታ የሚያመጣው። አሁን እናት ሰዓት አትጠይቅም። ገብታ ትተኛለች። እራትም ከዋርዱ ጋር ይደርሳታል።

1350 ግራሟ ልጅ ለ45 ቀን ክትባቷ ስትመጣ 2100 ግራም ሆናለች። ይዛት የመጣችው እናቷ ብቻ አልነበረችም። የጡት እህቷም በዚያው ቀን ተከተበች፤ ሁለቱ እናቶች ተደዋውለው በአንድ ባጃጅ ነው የመጡት።

ቦይው አሁንም በየክረምቱ ፌስታል ይሞላል። ሰኔ ላይ ከጥበቃው ጋሼ ጋር አካፋ ይዘን እንጠርገዋለን። ዘንድሮም ጠርገነዋል።